ጣሪያውን ነጭ ተወው

«ይድረስ ለጋሼ። እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። አምና ከአባቴ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ የቆየ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ገዛን። ቀድሞ የአንድ እርዳታ ድርጅት መኪና ነበር። ነጭ ነው። በሮቹ ላይ የነበረው ስቲከር ተልጦ ቢወጣም ጥላው አልለቀቀም፤ ፊደሎቹ እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ጌራ ቡና ልጭን ስገባ ልጆች ‹እርዳታ መጣ› እያሉ ይከተሉኛል። ትልልቆቹም ‹ከየትኛው ድርጅት ነህ?› ይሉኛል። ሰለቸኝ። ሙሉ በሙሉ ማት ጥቁር፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ጥቁር፣ ላስቀባው ወስኛለሁ። አንድ ቀቢ በሁለት ቀን እጨርስልሃለሁ ብሎኛል። አባቴ ግን ‹ምድጃ ውስጥ ልታስቀምጠኝ ነው?› ብለው ተቆጡ። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ጅማ በረሃ አይደለም፣ ምንም አይልም› ይላሉ። ማን ነው ልክ? ሞተሩስ ይግላል? ጥቁሩን ፈላጊ፣ ከጅማ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ጉዳዩ ቀለም ብቻ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳነበው ግን መኪናው የራስህ እንዲመስል መፈለግህ ገባኝ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በላብህ ያፈራኸውን ንብረት ሰው የሌላ ነው ሲልብህ ይከነክናል። ስለዚህ «ነጭ ይሁን፣ ተወው» ብዬ አልሸኝህም።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ጣሪያውን ነጭ ተወው። ኮፈኑን ማት ጥቁር አስቀባው። በሮቹን ቀለም ቀይርላቸው፣ ማት ግን አታድርጋቸው። አሁን ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

አባትህ ልክ ናቸው። ጓደኞችህም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጅማ እንደ ጋምቤላ ወይም እንደ አፋር አይደለችም። ጥላ ስር ቁጭ ብለህ ቡና ስትጠጣ አየሩ ደስ ይላል። ጓደኞችህ የሚያወሩት ስለዚህ ስለ ጥላው አየር ነው። መኪናህ ግን ጥላ ስር አይውልም። ላሜራውን የሚያግለው በቀጥታ የሚያርፍበት ፀሐይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍ ባልክ ቁጥር ፀሐይን የሚያጣራው አየር ይሳሳል። ቆዳንም ቀለምንም የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የካቲት ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ እያለ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ ሞተር ሳይክል መቀመጫ የሚያቃጥልህም ለዚህ ነው።

ደግሞ አንተ ጅማ ብቻ አትውልም። ወደ ቦንጋ ስትሄድ ጎጀብ ትወርዳለህ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ግቤ ትወርዳለህ። ግቤ ሸለቆ ውስጥ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ጎማ ፈንድቶበት ክሪክ የያዘ ሰው ሙቀት ምን እንደሆነ ያውቃል።

ቁጥር ከፈለግህ አንድ ጥናት አለ። ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ሁለት አንድ ዓይነት ሆንዳ ሲቪኮችን ፀሐይ ላይ አቁመው ለኩ። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ብርማ ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 አወጡት። የጥቁሩ ጣሪያ ከብርማው እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በልጦ ጋለ። ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ በለጠ። በዚህ ረገድ ነጭ ከብርማ አያንስም። 5 ዲግሪ በወሬ ትንሽ ትመስላለች። ጋቢና ውስጥ ለተቀመጠ ሽማግሌ ግን ትንሽ አይደለችም። አየሩ ብቻም አይደለም። ከራስ በላይ ያለው የጋለ ላሜራ ሙቀቱን ወደ ታች ይልካል። የቆየ ፒካፕ ጣሪያ ከስሩ ያለው ልባስ ስስ ነው። አባትህ «ምድጃ» ያሉት ይህንን ነው። ቃሉን ሲመርጡ አልተሳሳቱም።

መኪናው ሲሄድ፣ መስኮቱ ሲከፈት፣ ልዩነቱ ይቀንሳል። ትልቁ ጣጣ ሲቆም ነው። አንተ ቡና እስኪመዘን፣ እስኪጫን፣ ሒሳብ እስኪያልቅ ስንት ሰዓት ትቆማለህ? ያን ጊዜ አባትህ የት ነው የሚቀመጡት?

ለምን ጣሪያውን ብቻ ነጠልኩ? ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትቆማለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ልክ ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ ሚያዝያ መግቢያ ላይ እና ነሐሴ ማለቂያ ላይ። ያኔ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብለህ ብትቆም ጥላህ እግርህ ስር ይገባል። ስለዚህ በጣም በሚያቃጥለው ሰዓት ፀሐዩን የሚቀበለው ጣሪያውና ኮፈኑ ነው። በሮቹ የሚያገኙት ትንሽ ነው። እነሱ የሚግሉት ጠዋትና ማታ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጉልበቷ ቀንሷል። በሩ ጠቆረ ማለት ጋቢናው ምድጃ ሆነ ማለት አይደለም። ጣሪያው ከጠቆረ ግን አዎ።

ይህንን የድሮ ሰዎች ያውቁት ነበር። የድሮዋን ኤፍጄ 40 ላንድክሩዘር አስታውሳት። አካሏ ሰማያዊም ይሁን አሸዋማ፣ ጣሪያዋ ነጭ ነበር። ላንድሮቨር ደግሞ ለሞቃት አገር በሠራቸው መኪኖቹ ላይ ከጣሪያው በላይ ሌላ ጣሪያ ይጨምር ነበር፤ በመሃላቸው አየር እንዲያልፍ። እነዚያ ሰዎች ጣሪያውን ነጭ ያደረጉት ለጌጥ ብለው አይደለም።

ስለ ሞተሩ ጠይቀሃል። አትጨነቅ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተሩ፣ ውሃውና ፋኑ ነው። የሞተር ውሃ ሲሠራ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚውለው። የኮፈን ቀለም እዚያ ላይ የሚጨምረው ነገር ኢምንት ነው። ሞተርህ ከጋለ ራዲያተሩን አጽዳ፣ ቴርሞስታቱን አስይ። ቀለሙን አትክሰስ።

ሌላም የሚባል ነገር አለ። «ጥቁር ሙቀት ቶሎ ይቀበላል፣ ግን ቶሎም ይተፋል» ይላሉ። ጋራዥ ውስጥ ሁሌ እሰማዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ጥቁር ቶሎ ይቀበላል። ሙቀት በመልቀቅ ግን ነጭ ቀለምም ከጥቁሩ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥቁሩ ይቀበላል፣ በምላሹ የሚሰጥህ ትርፍ የለም።

ማት ከሚያብረቀርቀው ጥቁር ይብሳል ወይ? በሙቀት ትንሽ ብቻ ነው የሚብሰው። የሚያብረቀርቀው ከሚያርፍበት ብርሃን ጥቂቱን እንደ መስታወት ይመልሳል፣ ማቱ ያንንም ይውጣል። ልዩነቱ ለእጅህ አይታወቅም። ስለዚህ ማትን የምቃወምበት ዋናው ምክንያት ሙቀት አይደለም። ሌላ ነው። እዚህ ጋ ቆም ብለህ ስማኝ፣ ምክንያቱም ቀቢዎች ይህንን አይነግሩህም።

ቦዬ ሐይቅን ነፋስ በሌለበት ጠዋት አይተኸዋል? ሰማዩ ውስጡ ይታያል። ነፋስ ሲነሳ ያው ውሃ ይደበዝዛል፣ ምንም አይታይበትም። የሚያብረቀርቅ ቀለም የረጋው ውሃ ነው። ማት ነፋስ ያንቀጠቀጠው ውሃ ነው። ፊቱ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ጉብታዎች የተሞላ ነው። ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ከመመለስ ይልቅ የሚበተነው በእነሱ ነው። ውበቱም ጣጣውም ከዚያ ነው የሚመጣው። ጉብታዎቹን ካሸሃቸው ይለሰልሳሉ። ከለሰለሱ ያበራሉ። አንዴ ካበሩ ደግሞ ወደ ማትነታቸው የሚመልሳቸው ፖሊሽ የለም።

አንድ የማውቀው የቡና ነጋዴ አጋሮ ላይ ማት ጥቁር ፒካፕ ነበረው። በጋ ነበር፣ አቧራው እንደምታውቀው ነው። የገበያ ቀን መኪናውን አቁሞ ሲመለስ አንዲት ልጅ የኋላ መዝጊያው ላይ በጣቷ ስሟን ጽፋለች። «ፎዚያ» ይላል። ከስሩ አበባ ሥላለች። ሰውየው አልተቆጣም፣ የልጅ ነገር ብሎ ላቫጆ ወሰደው። አቧራው ታጠበ። ፎዚያ ግን አልታጠበችም። ጣቷ አቧራውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየገፋ ማቱን አለስልሶታል። ፊደሎቹ ጥቁር በጥቁር ላይ ያበራሉ። ከፊት ስታየው አይታይም። ጎንበስ ብለህ ወደ ብርሃን ስታየው ፊደሉም አበባውም ቁልጭ ይላል። እኔ ጋ ይዞት መጥቶ «ይህንን አጥፋልኝ» አለኝ። በነጭ ወይም በሚያብረቀርቅ ጥቁር ላይ ቢሆን አሥር ደቂቃ በፖሊሽ ይጠፋ ነበር። እዚህ ላይ ያለው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ የኋላ መዝጊያውን በሙሉ እንደገና መቀባት።

አሁን ያንን ወደ ጌራ መንገድ ውሰደው። የጫካ ቡና መሃል ስትገባ መንገዱ ይጠባል። ቅርንጫፉ ከግራም ከቀኝም በሩን ይገርፋል። በየጉዞው ጭረት አለ። በሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ አብዛኛው ጭረት ክሊሩ ላይ፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ በሚረጨው ግልጽ ልባስ ላይ ይቀራል፣ በዓመት አንዴ ፖሊሽ ታስደርጋለህ፣ ይለቃል። በማት ላይ እያንዳንዱ ጭረት ሰነድ ነው። ይከማቻል። በሮቹን ማት አታድርግ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ላቫጆ ላይ ያለውም ጣጣ ብዙ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ መኪና ማስዋብ ያውቃሉ። የሚያውቁት ግን የሚያበራ መኪና ማስዋብ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ይጠቀማሉ። መሬት ላይ የወደቀ ስፖንጅ ያነሳሉ፣ ውስጡ ቀይ አፈር አለ። ለሻንሲው ናፍጣ ይረጫሉ፣ ፍንጣሪው ወደ በሩ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ማብረቂያ ይቀባሉ። ማት ላይ ናፍጣውም ማብረቂያውም የቅባት ካርታ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማት ያለው ሰው ራሱ ማጠብ አለበት። መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሶ አቧራውን ማውረድ፣ ከዚያ ለስለስ ያለ የመኪና ሻምፑ፣ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሳያሹ። ፀሐይ ላይ ሳይሆን በጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ። ጥቁር ላሜራ ሲግል ውሃው ሳይጠረግ ይደርቅና ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። የወፍ ኩስ ካየህ ውለህ አትደር፤ የጋለ ቀለም ላይ ቶሎ ይበላል። እውነቱን ንገረኝ፤ ከጌራ በጭቃ ተለውሰህ ማታ 2 ሰዓት ስትገባ ይህንን ሁሉ ታደርጋለህ?

ለኮፈን ብቻ ከሆነ ግን ታደርጋለህ። አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ቅርንጫፍም እዚያ ብዙ አይደርስም። ደግሞ ኮፈን ላይ ማት ጥቁር ሥራ አለው። ነጭ ኮፈን ቀትር ላይ ብርሃኑን ወደ ዓይንህ ይመልሳል። ከሰዓት በኋላ ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እያየህ ስትነዳ ዓይንህን የምታጠብበው ከፊሉ በፀሐይዋ፣ ከፊሉ በኮፈንህ ምክንያት ነው። የጦር አውሮፕላኖች ከአብራሪው ፊት ያለውን ክፍል ማት ጥቁር የሚቀቡት ለዚህ ነው። የራሊ መኪኖችም ኮፈናቸውን እንዲሁ ያደርጋሉ። አንተም በዓመት ውስጥ ስንት ቀን ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት ትጋፈጣለህ። ዓይንህ ሲያርፍ ታየዋለህ።

ሌላም ጥቅም አለው። የድርጅት መኪና ስንት ሾፌር እንደነዳው እግዜር ይወቀው። ላሜራው ሞገድ ሞገድ ሳይሆን አይቀርም። የሚያብረቀርቅ ጥቁር እያንዳንዱን ሞገድ ያጋልጣል። ማት ይሸፍናል። ለዚያ ምስጋና ይገባዋል።

ወደ በሮቹ ልመለስ፣ ሕመምህ እዚያ ስለሆነ። ስቲከሩ የነበረበት ቦታ ለዓመታት ፀሐይ አላየም። ዙሪያው ደብዝዟል፣ እሱ ግን እንደ አዲስ ቀርቷል። የሚነበበው ጥላ ይህ ልዩነት ነው። አንዳንዴ በፖሊሽ ይቀንሳል። ከተነበበ ግን ብዙ ጊዜ አይጠፋም። የስቲከሩ ጠርዝ ደግሞ በጣት የሚዳሰስ እርከን ይተዋል፣ ያ በላዩ ቀለም ቢመጣም ይታያል። ስለዚህ ቀቢው በላዩ እንዳይረጭ። እርከኑ ለእጅ እስኪጠፋ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ይውረድ። ዓይንህን ጨፍነህ በመዳፍህ ዳብሰው። ፊደል ከተሰማህ አላለቀም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ምርጫው ያንተ ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ የቡና ቅጠል አረንጓዴ እቀባው ነበር። ዝናብ ያጠበው የቡና ቅጠል፣ ያ ጥቁር የሚመስለው የሚያበራ አረንጓዴ። ጥቁር ኮፈን፣ አረንጓዴ በር፣ ነጭ ጣሪያ ያለው ሃይሉክስ ጌራ ሲገባ ማንም የእርዳታ መኪና ነው አይልም። የለም፣ ጥቁር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ በሮቹን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከነክሊሩ አድርጋቸው። ቢጫር ፖሊሽ ይደረጋል።

መከላከያዎቹን፣ መርገጫውን፣ የፓራፋንጎውን ጠርዝ፣ ፖርቶ መጋላ ካለህ እሱንም፣ ርካሹን ማት ጥቁር ቀባቸው። ጣሳ ስፕሬይ ይበቃል። እዚያ ላይ ድንጋይ ቢመታው በዓመቱ አጽድተህ ደግመህ ትረጫለህ፣ ማንም ልዩነቱን አያይም። ርካሽ ማት ቦታው እዚህ ነው። ኮፈን ላይ ግን ጣሳ ስፕሬይ አልፈቅድልህም። ክሊር የሌለው ማት በእኛ ፀሐይ ወደ አመድማነት ይሄዳል፣ ቤንዚን ከነካውም ይለቃል። ለኮፈኑ ጥቁሩ ከስር ይቀባ፣ በላዩ ሃርደነር (ማጠንከሪያ) የሚገባበት ማት ክሊር ይምጣ።

አሁን ስለ ቀቢህ። ሙሉ መኪና በሁለት ቀን ያለህ ሰው ብርጭቆ ወረቀት ሊነካ አላሰበም። ይህንን በክፋት አልናገርም፤ ሥራው ስንት እንደሚፈጅ አይቻለሁ። የቆየ መኪና ዝገት አለው። በተለይ የመስታወቱ ዙሪያ፣ የበሩ ታችኛ ጫፍ፣ ከጭነት ሳጥኑ ስር። ያ ዝገት እስከ ንጹሕ ብረት ካልተፋቀና ፀረ ዝገት ፕራይመር ካልተቀባ፣ ማት ጥቁር ለጊዜው ይደብቀዋል፣ ከስር ግን መብላቱን አያቆምም። ጅማ ደግሞ ዝናቧ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብረት እዚህ ዕረፍት የለውም።

ማት ክሊር እጅ ይፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ ቀቢው ከተሳሳተ ይፈገፍግና ፖሊሽ ያደርገዋል። ማት ላይ ማረሚያ የለም። በአንዱ ቦታ ወፈር፣ በሌላው ሳሳ ካለ እንደ ሜዳ አህያ መስመር መስመር ይሠራል። ዝንብ ካረፈች አረፈች ነው። ስለዚህ አስቀድመህ የሠራውን ማት አሳየኝ በለው። ፎቶ አይበቃም፣ መኪናውን። ጎንበስ ብለህ ወደ ብርሃን እየው።

ጊዜውንም ምረጥ። በክረምት አታስቀባ። እርጥበት ሲበዛ ቀለሙ ሲደርቅ ነጣ ነጣ ይላል፣ ከኮምፕረሰሩም ውሃ ከአየሩ ጋር ይመጣና አረፋ ይሠራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ናቸው፣ ግን ቡናው ይጠራሃል፣ መኪናው አይቆምልህም። እኔ ብሆን ሥራው ቀዝቀዝ ሲል፣ ከጥር ማለቂያ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ አስገባው ነበር። ጠዋት ላይ ይቀባ፣ ላሜራው ሳይግል። በጋለ ላሜራ ላይ የተረጨ ቀለም ሳይዘረጋ ይደርቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሃርደነር ያለበት ክሊር ሲረጭ የሚወጣው ጉም ውስጡ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። አንዴ አስም የያዘው ቀቢ ከዚያ በኋላ ሽታው ትንሽ እንኳ ከነካው ሊታፈን ይችላል። አፍ ላይ ጨርቅ መጠምጠም አያድንም፣ የወረቀት ማስክም አያድንም። ለዚህ የሚሆን ባለ ማጣሪያ ማስክ ያስፈልጋል፣ ከመቀቢያው ውጪ ካለ ንጹሕ ቦታ አየር የሚያመጣው ደግሞ የበለጠ ነው። ቀቢው ከሌለው ሥራውን አትስጠው፣ ወይም ገዝተህ ስጠው። አጠገቡ ቲነር የሚያቀብለው ታዳጊ ልጅ ካለ እሱንም ከዚያ አርቀው። በጋራዥ ሠፈር ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ሲያስሉ የሚያድሩ ቀቢዎችን አውቃለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ሊብሬህን አውጣና አንብበው። ቀለም በሚለው ቦታ «ነጭ» ተጽፏል። ቀለም ቀይረህ ሊብሬው ነጭ እንዳለ ከቀረ ትራፊክ ሲያስቆምህ፣ ቦሎ ስታድስ፣ ወይም መኪናውን ልሽጥ ስትል ጣጣ ነው። ቀቢው ጋ ከመሄድህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ፣ ምን እንደሚሆን በግልጽ ንገራቸው። ጣሪያ ነጭ፣ በር አረንጓዴ፣ ኮፈን ጥቁር ካሰብህ እንዴት እንደሚመዘገብም እዚያው ይነግሩሃል።

ማታ ስለመንዳትም ልንገርህ። አውስትራሊያ ውስጥ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ጥቁር መኪኖች በቀን ብርሃን እንኳ ከነጮቹ ይልቅ 12 በመቶ የበለጠ የአደጋ ሥጋት እንዳለባቸው አግኝተዋል። ያ በአስፋልትና በመብራት አገር ነው። እኛ ጋ አመሻሽ ላይ ከብቱ ሲገባ፣ ባጃጁ ያለ መብራት ሲመጣ፣ ጉም ሲወርድ አስበው። ሙሉ ማት ጥቁር መኪና ብርሃን አይመልስም፣ ቅርጹ አይለይም። ጣሪያው ነጭ ከሆነ ቢያንስ አንድ የሚታይ ነገር ይኖርሃል። ከኋላና ከጎን አንጸባራቂ ቴፕ ለጥፍ። ይህንን በሮቹን ጥቁር ካደረግህ ግዴታ ነው ብዬ ነው የምነግርህ።

ኮፈኑንም ቢሆን ለመቀባት ካመነታህ መጀመሪያ ማት ጥቁር ስቲከር አስለብሰው። ካልወደድኸው ይላጣል። ፀሐይ ላይ ለረጅም ጊዜ አትተወው፣ ይደርቅና ይሰባበራል፣ ያኔ መላጡ ሌላ ሥቃይ ነው። ከስሩ ዝገት ካለ ደግሞ አታስለብስ፣ እርጥበት ይይዛል።

አሁን አባትህ። እሳቸው የመኪናው ግማሽ ባለቤት ናቸው። ጋቢናው ውስጥ የሚቀመጡትም እሳቸው ናቸው። «ምድጃ» ሲሉህ አልሰማህም እንጂ ቀለሙን አልነፈጉህም። ነጩን ጣሪያ ስትነግራቸው እንደ ሽንፈት አድርገህ አትንገራቸው። «አባ፣ ያሉትን አሰብኩበት» ብለህ ጀምር። ከዚያ በሮቹን ምን እናድርጋቸው ብለህ ጠይቃቸው። የቡና ሰው ናቸው፣ አረንጓዴውን ሳይወዱት አይቀሩም።

ጓደኞችህን ለማሳመን ደግሞ ክርክር አያስፈልግም። ጋራዥ ሄደህ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቁራጭ ላሜራዎች ለምነህ አምጣ። አንዱን ማት ጥቁር ርጨው፣ ሌላውን ነጭ። ይድረቁ። ፀሐይ ባለበት ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ እንጨት ላይ አጋድማቸው፣ ጎን ለጎን። ግማሽ ሰዓት አቆያቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቅቤ አስቀምጥ። የትኛው ቀድሞ እንደሚፈስ ሁሉም ቆሞ ይየው። ሁለቱን ላሜራዎች ስታወጣ አባትህን ጥራቸው። በርጩማ አውጣላቸው። ቅቤውን እሳቸው ያስቀምጡት።